የጃንጥላው ክበብ ሽምግልና

ልጄ የድመት ጆሮ አድርጋ ከትምህርት ቤት የመጣች ቀን ምንም አላልኳትም። እኔ ደግሞ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ሥራዬ ስልክ ማንሳት ነው፤ መኪናቸውን መቆም በማይፈቀድበት ቦታ አቁመው የተቀጡ ሰዎች እየደወሉ ይጮሁብኛል። በአፌ በእንግሊዝኛ "ይገባኛል ጌታዬ" እላለሁ፣ በሆዴ በአማርኛ የሚገባቸውን እመልስላቸዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ያፈንኩት ነገር ማታ ቤት ስገባ መውጫ ይፈልጋል። ያን ቀን ግን ጆሮውን አየሁ፣ ምሳ ዕቃዋን ከፈትኩ፣ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። እንጀራው ብቻ ሳይሆን ምስሩም ተጠራርጎ ተበልቷል። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ።

ምክንያት አለኝ። መሃል ከተማው አጠገብ፣ ኬንሲንግተን ፎቅ ላይ እንኖር በነበረበት ጊዜ ልጄ ደረጃ በወጣች ቁጥር ስሟን የሚጠራ ልጅ ነበር። ከከተማው ዳር ወዳለው ዌሪቢ ስንዛወር ቤቱ ሰፋ፣ ጓሮ ተገኘ፣ ጓደኛ ጠፋ። ለወራት ምሳ ዕቃዋ እንደሄደ ይመለስ ነበር። "ለምን አልበላሽም?" ስላት "አይ ዎዝንት ሀንግሪ፣ ማሚ" ትለኛለች። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። በኋላ አንዲት አስተማሪ ደውላ፣ ልጄ የምሳ ሰዓቷን ሽንት ቤት ውስጥ በሩን ዘግታ ተቀምጣ እንደምታሳልፍ ነገረችኝ። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁና ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልጄ እንጀራዋን በር ዘግታ እየታቀፈች ስትቀመጥ ይታየኝ ነበር።

ከዚያ አስተማሪዎቹ ልጄን የጃፓን ካርቱን የሚወዱ ልጆች ክበብ ውስጥ አስገቧት። በመጀመሪያው ቀን ሰማያዊ ዊግ ያደረገች ልጅ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ምሳ ዕቃውን ገልጣ አይታ፣ ከቦርሳዋ ሁለት ቀጫጭን የመብሊያ እንጨቶች አውጥታ ምስር ወጡን መብላት ጀመረች። ሳትጠየቅ፣ ሳትፈራ። ሁለቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጣበቁ። ዓመት ሳይሞላ ልጄ የክበቡ ሊቀመንበር፣ ባለዊጓ ጸሐፊ ሆኑ።

አባላቱ ከልጄ ጋር ሰባት ናቸው። አንድ ቅዳሜ እኛ ቤት ተሰበሰቡና ሁሉንም አየኋቸው። በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው በመስመር ደረደሩ፤ ይኼ ደስ አለኝ። ከዚያ ስድስቱም እንግዶች ወገባቸውን አጥፈው በጃፓንኛ ሰላም አሉኝ፤ በምን ቋንቋ እንደምመልስ ጠፍቶኝ "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። አንደኛው ልጅ ገና ከመግባቱ ሶፋው ላይ ተኛ። አሞት ነው ብዬ ብርድ ልብስ ይዤ ስሮጥ ልጄ አስቆመችኝ፤ ለካ ሹመቱ ነው። እንዲህ ያለ ካርቱን ውስጥ ሁልጊዜ የሚተኛ አንድ ልጅ ስለሚኖር፣ እነሱም ክበባቸው እንዳይጎድል መርጠው የሾሙት ነው። ሌላዋ ደግሞ ስለ ራሷ የምታወራው እንደ ሌላ ሰው ነው፤ "ይህች ልጅ ውኃ ጠማት" ብላኝ ማን እንደጠማው ለማወቅ ዘወር ዘወር አልኩ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ብዬ ውኃውን ሰጠኋት።

ዋናው የሚወዱት ካርቱን ስለ ምን እንደሆነ ስጠይቅ ልጄ አስረዳችኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ የተረሱ ጃንጥላዎችን ለባለቤቶቻቸው ለመመለስ ክበብ ያቋቋሙ ተማሪዎች ናቸው። ስንቱን መለሱ? እስካሁን አንድም። አንድ ቀይ ጃንጥላ ይዘው ከክፍል ክፍል ይዞራሉ፣ በመሃል ይጣላሉ፣ ይራባሉ፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ የሰው ንብረት ነው ብለው ጃንጥላውን ሳይዘረጉ ይበሰብሳሉ። አለቀ። ለዚህ ነው ልጄ በሳቅ የምትንፈራፈረው።

እንዲህ እያለ አንድ ማክሰኞ ምሳ ዕቃው እንደሞላ ተመለሰ። ረቡዕም እንዲሁ። ያን እንጀራ ሳየው የሽንት ቤቱ በር ትዝ አለኝ።

አስጨንቄ ጠየቅኋትና ነገሩ ወጣ። ክበቡ ለወላጆችና ለትምህርት ቤቱ ካርቱኑን ሊያሳይ ነው። ልጄ በጃፓንኛው ድምፅ ይታይ፣ እንግሊዝኛው ከሥር ይጻፍ ትላለች፤ ድምፁን መቀየር ሰውየውን መቀየር ነው ባይ ናት። ባለዊጓ ደግሞ በእንግሊዝኛ ድምፅ የተቀዳው ይሁን አለች። ለምን ስትባል ምክንያት አትሰጥም፤ እንዲሁ ትደርቃለች። ልጄ በዚህ ተናድዳ ሰው ሁሉ እየሰማ ሰነፍ ብላ ሰደበቻት። ያችኛዋ ዊጓን አውልቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወጣች፤ የሚተኛው ልጅ ነቅቶ ተከተላት። ከሰባቱ አምስት ቀሩ። ትምህርት ቤቱ ክፍል የሚሰጠው ስድስትና ከዚያ በላይ አባል ላለው ክበብ ብቻ ስለሆነ፣ እስከ ሐሙስ ካልታረቁ ክፍሉ ለቼዝ ተጫዋቾች ይሰጣል ተባለ።

እውነቱን ለመናገር ያችን ባለዊግ በጣም ጠመድኳት። ያ ሁሉ ምስር ወጥ አልታያትም?

ረቡዕ ማታ አባቴ ደወሉ። ኬንሲንግተን በመንግሥት ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ጡረታ ወጥተዋል፣ ማታ ማታ እየደወሉ የቀኑን ወሬ ይጠይቁኛል። ነገሩን እየሳቅኩ ነገርኳቸው። እሳቸው አልሳቁም።

"ታዲያ ሽማግሌ ገባ?" አሉ።

"አባባ፣ የካርቱን ጠብ ነው እኮ!"

"ልጅቷ አብራት የበላች ናት አላልሽም?"

"ናት።"

"አብሮ የበላ ሰው ተጣልቶ ዝም ይባላል? እናንተ እዚያ ዌሪቢ ሰው አይደላችሁም?"

"እንግዲያው እርስዎ መጥተው ያስታርቋቸዋ!" አልኩና ሳቅኩ። ክበቡ የሚሰበሰበው በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቀውኝ ስልኩን ዘጉት።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ሐሙስ ከሰዓት ከቤት እየሠራሁ አንድ የተቀጣ ሰውዬ በጆሮ ማዳመጫዬ ሲጮህብኝ የእጅ ስልኬ ጠራ። አባቴ ናቸው።

"ደርሰናል።"

"የት?"

"ዌሪቢ ባቡር ጣቢያ። ትምህርት ቤቱ በየት በኩል ነው?"

"ደርሰናል? ከማን ጋር?"

"ሽማግሌ ብቻውን ይሄዳል እንዴ? ደግሞ አትቸኩዪ፤ አንዲት ደግ ሴት መንገዱን ልታሳየን ነው።" ዘጉት።

ሰውዬው አሁንም ይጮሃል፤ ሕይወቱ እንደተበላሸ ይነግረኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ "ይገባኛል ጌታዬ" አልኩት። ለአለቃዬ እረፍት ወጣሁ ብዬ ጻፍኩና በነጠላ ጫማ ወደ መኪናዬ ሮጥኩ።

ስደርስ ሦስት ሽማግሌዎች ትምህርት ቤቱ መግቢያ ላይ ተሰድረዋል። ሙሉ ልብስ፣ ባርኔጣ፣ ከዘራ፣ በላዩ ነጠላ፤ በነጠላው ላይ ደግሞ "እንግዳ" የሚል ተለጣፊ ወረቀት። አንደኛው አባቴ ናቸው። ሁለተኛው በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ያደጉ ረጅም ጋሼ፤ እንግሊዝኛ እችላለሁ የሚሉትም እሳቸው ናቸው። ሦስተኛው ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ያለ፣ ስለዚህም ሰው ሁሉ ጥሩ አድማጭ ናቸው የሚላቸው ጋሼ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ከየትኛው ድርጅት እንደመጡ ትጠይቃለች፤ ረጅሙ ጋሼ ትንሽ አሰቡና "ከቤተሰብ" አሏት። ለምን እንደመጡ ስትጠይቃቸው "ለአንዲት ልጅ ጉዳይ" አሉ።

በዚህ መሃል ለማስተርጐም የተጠራች ሐበሻ ረዳት መምህርት ከኮሪደሩ ብቅ አለች። ሦስት ሽማግሌ በነጠላ አየች፣ "ለአንዲት ልጅ" የሚለውን ሰማች፣ ፊቷ አመድ መሰለ።

"እህቴ፣ ልጅሽ እኮ ገና ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው!" ብላ እጄን ያዘችኝ። "በዚህ አገር ይኼ ያሳስራል!"

"ጋብቻ አይደለም!" ብዬ ጮህኩ። "ዕርቅ ነው! የካርቱን ዕርቅ!"

ይኼን ስል ነገሩ የባሰ እንጂ የተሻለ አልመሰለም። ሴትየዋ ከእኔ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ ነጠላ ጫማዬ አየች። ቢሆንም ደግ ሴት ነበረች፤ ሳቋን እየዋጠች ራሷ ወደ ክበቡ ክፍል ወሰደችን።

ሰባቱም እዚያ ነበሩ። አምስቱ በአንድ ወገን፣ ባለዊጓና የሚተኛው ልጅ በሌላ ወገን፤ አስተማሪያቸው መሃል ተቀምጣ ሰዓቷን ታያለች። የኔ ልጅ የድመት ጆሮዋን እንዳደረገች አያቷን በር ላይ ስታይ መሬት ብትውጣት በወደደች። "ማሚ፣ ፕሊስ፣ ኖ" አለች በሹክሹክታ።

ሌሎቹ ልጆች ግን ተነሡ። በካርቱናቸው ውስጥ ችግር ሲከር ከተራራ የሚወርዱ ሽማግሌዎች አሉ፤ እነዚያ በእውን መጡላቸው። ሁሉም ወገባቸውን አጥፈው እጅ ነሱ። አባቴ ይኼን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ በዚህ አገር አይቼ አላውቅም" አሉና እሳቸውም ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ጋሼዎቹም ተከተሉ። ልጆቹ ሽማግሌ ከጎነበሰ እኛ የበለጠ መጎንበስ አለብን ብለው ዝቅ አሉ። አባቴ ደግሞ ልጅ እንዲህ አክብሮኝ እንዴት ቀና እላለሁ ብለው እንደገና ዝቅ አሉ። ማንም መጀመሪያ ቀና ማለት አልፈለገም። ጆሯቸው የከበደው ጋሼ ወገባቸውን እስኪይዛቸው ድረስ ቀጠለ፤ በመጨረሻ የሚተኛው ልጅ ደግፎ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው።

ሽምግልናው ተጀመረ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" አሉ አባቴ። ልጄ ልታስተረጉም ስትል ከለከሏት፤ ተጣልቶ የመጣ ሰው አያስተረጉምም፣ አንቺ ነሽ የምታስተረጉሚው ብለው ወደ እኔ አመለከቱ። ልጄ ተናገረች፣ እኔ ተረጎምኩ። ባለዊጓ ተራዋ ሲደርስ "በእንግሊዝኛ ድምፅ ይሁን ነው ያልኩት" ብቻ አለች። ዛሬም ዊጉን አላደረገችም፤ ያለ ዊግ ትንሽ ልጅ ትመስላለች።

"እንግዲህ ነገሩን ሳናይ አንፈርድም" አሉ ረጅሙ ጋሼ። "ይምጣ፣ ይታይ።"

ካርቱኑ በጃፓንኛ ተከፈተ፣ እንግሊዝኛው ከሥር ይሮጣል። ዝናብ ነው፤ ልጆቹ ቀዩን ጃንጥላ ተሸክመው ይበሰብሳሉ። ረጅሙ ጋሼ ያለ ቦታው ይስቃሉ። "እኛ የህንድ ፊልም ያለ ድምፅ ትርጉም፣ ያለ ጽሑፍ አይተን አልቅሰናል" አሉ። "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።" ጆሯቸው የከበደው ጋሼ በጸጥታ ያያሉ። አባቴ ግን አንገታቸውን ወደፊት አስግገው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ግንባራቸው ተቋጥሮ ነበር።

"አቁሙት" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ዓይኔ ደህና ነው። የእንግሊዝኛውን ፊደልም አውቃለሁ። ግን አንዱን ቃል እስክይዝ ሌላው ይመጣል፣ እሱን ስል የመጀመሪያው ይጠፋኛል። ሰው ሲስቅ እኔ ገና እያነበብኩ ነኝ። ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከደብዳቤም፣ ከባቡር ማስታወቂያም እንዲሁ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ገብቶኛል ስል ኖርኩ።"

ይኼን እኔም አላውቅም ነበር። አባቴ ያነባሉ ብዬ እኖር ነበር። ወደ እንግሊዝኛ ተረጎምኩት።

ባለዊጓ አባቴን ትኩር ብላ አየቻቸው። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ "እኔም" አለች። ፊደሎቹ እንደሚደባለቁባት፣ አንድ መስመር ሳትጨርስ ጽሑፉ እንደሚጠፋባት፣ ክበብ ውስጥ ሁሉም ሲስቁ አብራ እንደምትስቅ፣ ቤቷ ሄዳ በእንግሊዝኛ ድምፅ እንደገና አይታ ያኔ ለብቻዋ እንደምትስቅ ተናገረች። እስከዚያ ቀን ለማንም ነግራ አታውቅም ነበር። እኔ እያንዳንዱን ቃል ለአባቴ ስተረጉም ያን ሁሉ ቀን የጠመድኳትን አሰብኩና አፈርኩ።

ልጄ ቀጥ ብላ ቆመች። የድመት ጆሮዋን አወለቀች። ከዚያ ወደ አያቷ ዞረች።

"አባባ፣ ምን ልበላት?" አለች። በአማርኛ። ለመጨረሻ ጊዜ በአማርኛ የጠየቀችው መቼ እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም።

"እኔን ትጠይቂኛለሽ? እኔ እንግሊዝኛ የምችል መሰለሽ?" አሉ አባቴ።

ረጅሙ ጋሼ ጣልቃ ገቡ። ድሮ በአገራችን የበደለ ሰው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ የተበደለው "አውርድ" እስኪለው ድረስ ተንበርክኮ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር ብለው አወሩ። እኔ ይኼን ባልተረጉመው ይሻል ነበር። ልጆቹ ሰምተው አበዱ፤ ድንጋይ ፍለጋ ተራወጡ። አስተማሪዋ ድንጋይ ክልክል ነው አለች። ስለ ራሷ እንደ ሌላ ሰው የምታወራዋ ልጅ "ይህች ልጅ መፍትሔ አገኘች" ብላ ከመደርደሪያው ትልቁን መዝገበ ቃላት በሁለት እጇ አቅፋ አመጣች።

ሳቁ ገና ሳይቆም ልጄ መዝገበ ቃላቱን ማጅራቷ ላይ አድርጋ ተንበረከከች። በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጀመረች፣ አቃታት፣ አለቀሰች። "ሰነፍ ያልኩሽ..." ብላ አልጨረሰችውም። ያ ሁሉ ፊደል ታጭቆ ልጄ ማጅራት ላይ ተጭኗል፤ ባለዊጓ ተነሥታ በሁለት እጇ አነሣችላትና መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"ከባድ ነው፣ አይደል?" አለቻት።

"በጣም" አለች ልጄ።

"ይቅር ለእግዚአብሔር!" አሉ ጆሯቸው የከበደው ጋሼ፤ ያን ቀን የተናገሩት እሱን ብቻ ነው፤ ሁሉን ሰምተው ነበር ማለት ነው።

ስለ ድምፁ የተፈረደው እንዲህ ነው፤ ጃፓንኛው እንዳለ ይቀራል፣ ግን ማንም ብቻውን አያነብም። ልጆቹ ተከፋፍለው ጽሑፉን ጮክ ብለው ያነቡታል፣ እያንዳንዱ የአንዱን ገጸ ባሕርይ ድምፅ ይይዛል። ባለዊጓ ደግሞ ቤቷ ደጋግማ ስታይ ሙሉውን በቃሏ ስለያዘች፣ የምታነበው ሳይኖር ዋናዋን ልጅ እሷ ሆነች። የሚተኛው ልጅ ጃንጥላውን ልሁን ብሎ ተፈቀደለት። እንደገና ሰባት ስለሆኑ ክፍሉም ቀረላቸው።

ሽምግልናው አለቀ ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ሐሙስ አባቴ ደግሞ ከዌሪቢ ባቡር ጣቢያ ደወሉ። "አሁን ደግሞ ማን ተጣላ?" ስላቸው "ማንም አልተጣላም። ቀዩ ጃንጥላ የማን እንደሆነ ሳናውቅ እንዴት ይቀራል?" አሉኝ። ሦስቱም መጥተዋል። ዛሬ ድረስ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ፤ ጃንጥላው ባለቤቱ አልተገኘም።

ልጄ በአያቷ አጠገብ ተቀምጣ ካርቱኑን እየተረጎመች በጆሯቸው በአማርኛ ትነግራቸዋለች። አንድ ቀን በሥራ ሰዓት ደወለችልኝ፤ በሌላው መስመር አንድ ሰውዬ ቅጣቱን አልከፍልም እያለ ይጮሃል።

"ማሚ፣ ሁለት ጓደኞች ተቀያይመው፣ ግን ገና ጓደኛ ሆነው፣ አንዱ አንዱን እንዲያናግረው እየጠበቀ ዝም ሲሉ በአማርኛ ምን ይባላል?"

"ኩርፊያ" አልኳት።

"ይኼን ሁሉ በአንድ ቃል?" አለችና ዘጋችው። ሰውዬውን "ይቅርታ ጌታዬ፣ ከየት ላይ ነበርን?" አልኩት፤ ከመጀመሪያው ጀመረልኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ሰማሁት።

ያን ቀን ማታ ልጄ ያለ ምሳ ዕቃ መጣች። በዕቃ ጉዳይ እኔ አመለኛ ነኝ፤ አንድ ክዳን ቢጠፋ ቤቱን የማናውጥ ሰው ነኝ።

"ዕቃው የታለ?" አልኳት።

"እሷ ወስዳዋለች። አልጨረሰችውም፣ ቤቷ ሄዳ ልትበላው ነው። ነገ ታመጣዋለች" አለች በአማርኛ፤ ጫማዋን እያወለቀች።

ተነሣሁና ለነገ የሚሆነውን እንጀራ በትልቁ ዕቃ አደረግኩት።